ለአያቴ መታጠቢያ ቤት የሚሆን አግዳሚ ከምን እንጨት ይሠራ?

በዚህ መጽሔት ስለ ትምህርት፥ ስለ ሥራ ማጣት፥ ስለ ፍቅርም ጭምር ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማቀርበው ስለ አንዲት አጭር አግዳሚ ነው። ርዝመቷ 60 ሳንቲ ሜትር፥ ከፍታዋ 43 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፥ መኖሪያዋ አረቅጥ ከተማ ውስጥ፥ ከአያቴ ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ መታጠቢያ ቤት ነው። «የአርትስ ተማሪ ስለ እንጨት ምን ያውቃል?» የሚለኝ ቢኖር እውነቱን ነው፤ ምንም አላውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ያው አለማወቄ ያመጣው ጣጣ ነው። ብዙዎቻችሁ በየአገራችሁ ያረጁ ወላጅና አያት ያሏችሁ ስለ ሆነ፥ እኔ የደከምሁበትን እናንተ እንዳትደክሙበት ብዬ ነው።

አረቅጥ የጉመር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ብርዷን የቀመሰ ያውቃታል። በክረምት ጉሙ ወርዶ ሲተኛ የታጠበ ልብስ ቀኑን ሙሉ ተሰጥቶ ማታ እርጥብ እንደ ሆነ ይገባል። እንዲህ ባለው አገር ሰው ገላውን የሚታጠበው ውሃ አሙቆ፥ በሳፋ አድርጎ፥ በጆግ እየቀዳ ነው። አያቴ ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ሳሙና የነካው ሲሚንቶ አዳለጣቸውና ወደቁ። እግዚአብሔር ይመስገን አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ቆመው መታጠብ ፈሩ። በቤት የነበረችው በርጩማ ደግሞ ዝቅተኛ ስለ ሆነች፥ አንድ ጊዜ ከተቀመጡባት ለመነሣት ሰው መጥራት ግድ ሆነባቸው። ዕድሜ ልካቸውን ራሳቸውን ችለው የኖሩ ሴት ራቁታቸውን ሆነው «ኑ አንሡኝ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብዳቸው መገመት አያዳግትም። እሳቸውም መታጠቡን ከሳምንት ወደ ሁለት ሳምንት፥ ኋላም ከዚያ በላይ አራቁት። እናቴ ይህን በስልክ ስትነግረኝ «ለመስቀል ስመጣ አግዳሚ እሠራላቸዋለሁ» አልሁ።

ለመስቀል ጉራጌ ካለበት ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል፤ እኔም በመስከረም 2016 ዓ.ም. ገባሁ። ከአንድ እንጨት ሻጭ ዘንድ የባሕር ዛፍ ጣውላ ገዛሁ። ገና መጋዝ የነካው፥ ቢጫ ቢጫ የሚል፥ ሽታው አፍንጫ የሚከፍት ነበር። «ደርቋል ወይ?» ብዬ ብጠይቅ «እንዴታ!» አሉኝ። አመንሁ። በሁለት ቀን ቈርጬ፥ በተራ ምስማር መትቼ፥ ቫርኒሽ ቀብቼ፥ የተመረቀ አናጢ መስዬ ክትፎዬን በላሁ።

በኅዳር ወር አግዳሚው ተጣመመ፤ ከአራቱ እግሮች አንደኛው መሬት መንካት ተወ። በታኅሣሥ መቀመጫው በምስማሮቹ መሥመር ተሰነጠቀ፤ በየምስማሩ ዙሪያም እንደ ቀለም ያለ ጥቁር ነገር ወጣበት። አንድ ቅዳሜ አያቴ ሲቀመጡበት አዘነበለና ግድግዳውን ይዘው ለጥቂት ተረፉ። መጀመሪያ የወደቁት በሲሚንቶው ምክንያት ነበር፤ ሁለተኛ ሊወድቁ የነበረው ግን በእኔ ምክንያት ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አልወስድ ቢለኝ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ፥ ለፈተና ማንበብ ሲገባኝ ስለ እንጨት ማንበብ ጀመርሁ።

እንጨት ማለት ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ጎን ለጎን የታሰሩበት እስር ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ውሃ በሁለት ስፍራ ይኖርበታል፤ አንዱ በቱቦዎቹ ባዶ ቦታ፥ ሁለተኛው በራሱ በቱቦው ግድግዳ ውስጥ ነው። አዲስ የተቈረጠ ባሕር ዛፍ ከደረቅ ክብደቱ ጋር የሚተካከል ውሃ ሊይዝ ይችላል። መጀመሪያ በባዶው ቦታ ያለው ውሃ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። የቀረው ውሃ ከደረቁ ክብደት 30 በመቶ ያህል ሲደርስ ግን የግድግዳው ውሃ መውጣት ይጀምራል፤ መኰማተርም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። መኰማተሩ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በርዝመቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ በግንዱ ቀለበቶች ዙሪያ ያለው ግን ከመሐል ወደ ውጭ ካለው ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናል። አንዱ ወገን ብዙ፥ ሌላው ወገን ጥቂት ሲያጥር ጣውላው ከመጣመም ሌላ ምን ምርጫ አለው? በባሕር ዛፍ ላይ ይህ ጠባይ ይብሳል፤ ዛፉ በቁመቱ ሳለ በውስጡ የያዘው ውጥረት ስላለ ገና ሲሰነጠቅ ጀምሮ ይቀለበሳል። አዲስ አበባ ስትቆረቆር የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አልቆባት ሳለ፥ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ የመጣው ይህ ዛፍ ከተማይቱን አድኗታል፤ ውለታውን አልክድም። ለአጣና፥ ለማገር፥ ለማገዶ ማን ይተካዋል? እርጥቡን ገዝቶ ዕቃ መሥራት ግን የእኔ ጥፋት እንጂ የባሕር ዛፍ አይደለም። በክረምት መውጫ መግዛቴም ሌላው ስሕተት ነበር። የዚያን ጊዜ ደጋ ላይ የሚገኝ ጣውላ ሁሉ ውሃ ጠጥቶ የወጣ ነው።

የእንጨት መድረቅን በቃል አትመኑ። ጣውላውን በሚዛን መዝናችሁ ክብደቱን ጻፉ፤ ጣራ ባለበትና ነፋስ በሚገባበት ቦታ በየመሐሉ ጭራሮ እያገባችሁ ደርድሩት፤ በየሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ያን ጊዜ ለአካባቢው አየር በሚበቃው መጠን ደርቋል ማለት ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ጣውላ ለዚህ አያሌ ወራት ይፈልጋል።

አሁን ወደ መበስበሱ እንምጣ። እንጨትን የሚያበሰብሰው ውሃ ይመስለን ነበር፤ አይደለም። የሚያበሰብሰው እንደ ሻጋታ ያለ ዘር ነው። ይህም ዘር ለመኖር እርጥበትም፥ አየርም፥ መጠነኛ ሙቀትም ይሻል። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ሥራውን መሥራት አይችልም። በሌላው ወገን ደግሞ እንጨቱ ፈጽሞ በውሃ ውስጥ ቢሰጥም አየር ስለሚያጣ እንደገና ይከለከላል። የቬኒስ ከተማ ቤቶች በጭቃና በውሃ ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። የመታጠቢያ ቤት አግዳሚ ግን ከሁለቱም መልካም ወገን አልተወለደም፤ ይረጥባል፥ በግማሽ ይደርቃል፥ እንደገና ይረጥባል። በአረቅጥ ብርዱ የዚያን ዘር ሥራ ያዘገየዋል፤ ጉሙ ደግሞ የእንጨቱን መድረቅ ያዘገየዋል። ስለዚህ አንዱ የሰጠንን ሌላው ይነሣናል።

ከዚህ የሚከተለው፥ እንጨት ስንመርጥ ሁለት ነገር መጠየቅ እንዳለብን ነው። አንደኛው በእርጥበትና በድርቀት መሐል ብዙ አይንቀሳቀስም ወይ የሚል ነው። ሁለተኛውም በውስጡ ያን ዘር የሚመርዝ ነገር ተፈጥሮ ሰጥታዋለች ወይ የሚል ነው። ይህ መርዝ የሚገኘው በግንዱ መሐል ባለው ጠቆር ወይም ቀላ ባለ ልብ ውስጥ ብቻ ነው። ከልጡ ሥር ያለው ነጩ ክፍል ዛፉ ውሃና ምግብ ያሳልፍበት የነበረ ስለ ሆነ፥ የማንኛውም ዛፍ ይሁን በቶሎ ይበላል። «ይህ ጽድ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «ከጽዱ የትኛው ወገን ነው?» ማለት ይገባል።

እንግዲህ በአገራችን ያሉትን እንይ። ችፕውድና ኤም ዲ ኤፍ የተባሉትን ከመጀመሪያው እንተዋቸው፤ ውሃ ሲነካቸው እንደ ገንፎ ያብጣሉ። ቀርቀሃ በጉራጌ ደጋ ሞልቷል፥ ለአጥርና ለቅርጫት ይመቻል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ስታርች ነቀዝ ይጠራል፥ እርጥበትም ቶሎ ያሸንፈዋል። ዋንዛ እጅግ መልካም ነው። ቀላል ነው፥ ለመሮ ይታዘዛል፥ ብዙ አይጣመምም፤ በርጩማውና ገበታው፥ ከበሮውም ከእርሱ የሚወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዳሩ ግን ዋንዛ የወይና ደጋ ዛፍ ነው፤ በአረቅጥ ብርድ አይበቅልም። ከታች ካለው አገር ማስመጣት ግድ ይላል። የፈረንጅ ጽድ የሚባለው በየቦታው ይገኛል፥ ርካሽም ነው፤ ከልቡ የወጣና ጕጥ ያልበዛበት ከሆነ ለእንዲህ ያለው ሥራ መካከለኛ ነው፤ ሌላ ካጣሁ እርሱን እወስድ ነበር። ኮሶ መልኩ ያማረ ነው፤ ለሳሎን ዕቃ እንጂ ለውሃ አላጨውም። ወይራ የብረት ወንድም ነው፤ ምስማር ያጐብጣል፥ መጋዝ ያደነዝዛል፤ ሙሉ አግዳሚ ከወይራ የሠራ ሰው አግዳሚውን ለማንሣት ደግሞ ሰው መቅጠር አለበት። ለመያዣ ግን እርሱን የሚያህል የለም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ስለ ዝግባ ጥቂት ልቆይ፤ ይህ የእኛ የአርትስ ተማሪዎች ጉዳይ ነውና። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሊባኖስ ዛፍ «ዝግባ» ተብሎ ስለ ተተረጐመ፥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራበት የማይነቅዘው እንጨት የእኛው ዝግባ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እኔም ከዝግባ ልሠራ ተነሥቼ ነበር። ነገር ግን ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ዛፎች ናቸው። የእኛ ዝግባ ቀጥ ያለ፥ ለመላጊያ የሚመች፥ ለጣራና ለወለል የታወቀ እንጨት ነው፤ እርጥበት ባለበት ቦታ ግን በቶሎ ይበሰብሳል። በሽታው፥ በቀይ ልቡና መበስበስን በመቋቋሙ ለሊባኖሱ ይበልጥ የሚቀርበው በየቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ቆሞ የምናየው የአበሻው ጽድ ነው። ተርጓሚዎቹን አልወቅስም፤ አናጢዎች አልነበሩም። ቃል ግን እንዲህ አድርጎ አንድን አግዳሚ ሊያበሰብስ ይችላል።

ከጽድ ወገን የሆነ እንጨት ለመታጠቢያ መምረጥ የእኛ ብቻ አሳብ አይደለም። ጃፓኖች ወደ ሙቅ ውሃው ገንዳ ከመግባታቸው በፊት በዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀምጠው ይታጠባሉ፤ ዱካውንም ገንዳውንም ሂኖኪ ከሚባል ከጽድ ቤተሰብ ከሆነ ዛፍ መሥራት የቆየ ልማዳቸው ነው። የበርማና የጃቫ ሰዎች ቲክ የሚባለው ቅባታም እንጨት አላቸው፤ መርከብም የሚለበጥበት እርሱ ነው። ይህን ሁሉ አንብቤ ጽድ እንደሚሻለኝ ወሰንሁ። የት ላገኘው ነው? ጽድን ከደን መቍረጥ እንደ ዱሮው አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፥ ዋንዛን፥ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቍረጥን ከልክሎ ነበር። ዐዋጁ በኋላ በቁጥር 542/1999፥ ያም በቁጥር 1065/2010 ቢተካም፥ ነገሩ ከሕግም በላይ ነው፤ አንድ ጽድ ለጣውላ እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ያልቃል። ለአንድ አግዳሚ ብዬ አንድ የቆመ ጽድ ላስጥል አልደፈርሁም።

በጥር 2016 ዓ.ም. ለዕረፍት አገሬ ስገባ፥ የእናቴ ጎረቤት የሆኑ አንድ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ሄድሁ። የተሰነጠቀውን አግዳሚ አይተው አልሳቁብኝም፤ እርሱ ይባስ አሳፈረኝ። «ጋሼ፥ ጽድ ከየት ይገኛል?» አልኋቸው። «ልጄ፥ አያትህ ጓሮ አለልህ» አሉኝ። ተከትያቸው ሄድሁ። ከቤቱ በስተኋላ ከእኔ ልደት በፊት የተተከለ አሮጌ አጥር አለ፤ ግማሹ ወድቋል፥ ግማሹ ሳማ ውጦታል። ሽማግሌው ከወደቁት ቋሚዎች አንዱን አንሥተው በቢላዋ ፋቁት። ውጭው ግራጫ ዱቄት ሆኖ ረገፈ፤ ነጩ ክፍል ከተበላ ብዙ ዘመኑ ነው። ከሥሩ ግን ቀዩ ልብ ብቅ አለ፤ ሽታውም ዛሬ የተቈረጠ ይመስል ነበር። «መሬት ውስጥ ይህን ሁሉ ዘመን ከምስጥ ጋር ያደረ፥ የአያትህን ሳሙና ይፈራል?» አሉ። እኔ በቤተ መጻሕፍት ሦስት ሳምንት የፈለግሁትን መልስ እሳቸው በአንድ ቢላዋ ሰጡኝ። እንጨት ምን ያህል እንደሚቆይ ማወቅ የፈለገ የአገሩን አሮጌ አጥር ይመልከት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። በጉራጌ አገራችን እንጨት የሚጠርቡት ወገኖች «ፉጋ» እየተባሉ ሲናቁ ኖረዋል። ስሙ ስድብ ሆኖ የኖረ ነው፤ እዚህ የጻፍሁት ነገሩን ሸፍኖ ማለፍ ስላልፈለግሁ ነው። ዊልያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት ባህሉ ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ሰዎች በሰፊው ያነሣቸዋል፤ እርሻ ተከልክለው፥ ከሌላው ጋር መጋባትም ተነፍገው ይኖሩ እንደ ነበር ይታወቃል። የምንኮራበት የጉራጌ ቤት የቆመው ግን በእነሱ እጅ በተጠረበ እንጨት ነው። ዛሬ ይህ ሁሉ ቀርቷል እንላለን። ሽማግሌው የዚያ ወገን ናቸው። ቋሚዎቹን መርጠው ከጨረሱ በኋላ እናቴ ቡና አፈላች፤ እሳቸው የጠጡት በረንዳው ላይ ነው። «ግቡ» ያላቸው ሰው አልነበረም። እኔም፥ ይህን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብሁት፥ አላልሁም።

ወደ ሥራው ልመለስ። ከሰባት ቋሚዎች በቂ ልብ አገኘን። ከመቍረጣችን በፊት ሽማግሌው እያንዳንዱን አሸተቱ፤ አንዱን ጣሉት። ለምን ብላቸው፥ ምስጥ እንዳይነካው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ተቀብቷል አሉኝ። ይህን ልብ በሉ፤ ራቁት ገላ የሚያርፍበት ነገር ነውና የተቃጠለ ዘይት የነካው እንጨት አይሆንም። አሮጌ የመብራት ምሰሶም ጥቁር ክሬኦሶት ወይም መዳብና አርሰኒክ ያለበት መድኃኒት ሊኖረው ስለሚችል፥ በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳ አትውሰዱ።

መቀመጫውን 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካላቸው አራት ርብራቦች ሠራነው፤ በየመሐላቸው አንድ ሳንቲ ክፍተት ተውን። በዚያ ክፍተት ውሃው ይወርዳል፥ ነፋስ ይገባል፥ እንጨቱም ሲያብጥ የሚሄድበት ያገኛል። ጽድ በጫፉ በኩል በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ሁሉንም ቀዳዳ አስቀድመን በመሰርሰሪያ በሳን። እግሮቹ የተያያዙት በምስማር አይደለም፤ የአንዱ እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ተጠርቦ በሌላው ቀዳዳ ገባ። ርብራቦቹ ብቻ በማይዝግ ብሎን ታሰሩ። በመጀመሪያው አግዳሚዬ ላይ የወጣው ጥቁር ነገር ዝገት ብቻ እንዳልነበረ ያወቅሁትም በዚህ ጊዜ ነው፤ በባሕር ዛፍ ውስጥ ያለው ቆዳ ማልፊያ ታኒን እርጥብ ብረት ሲያገኝ ቀለም ይሆናል። አውሮፓውያን ለብዙ ዘመን የጻፉበት ቀለም በዚሁ መንገድ ይሠራ ነበር። አግዳሚዬ ቀለም ፋብሪካ ሆኖ ኖሯል!

ቫርኒሽ ተውን። ቫርኒሽ ሳይሰነጠቅ መልካም ነው፤ አንድ ቦታ ሲሰነጠቅ ግን ውሃ ያስገባል እንጂ አያስወጣም፤ ሳሙና ሲነካውም ያንሸራትታል። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን፥ ማዕዘኑን ሁሉ አድቦልቡለን፥ የተልባ ዘይት ቀባነው። የተልባ ዘይት ከቅቤ የሚለየው፥ አየር ሲያገኝ ወደ ደረቅ ሽፋን የሚለወጥ በመሆኑ ነው። ውሃን ፈጽሞ አይከለክልም፤ ያዘገየዋል። እጅግ ሲቀጥን ይሻላል፤ በአረቅጥ ብርድ አንዱ ቅብ እስኪደርቅ ሳምንት ጠበቅን። አደራ የምላችሁ፦ ዘይቱን የቀባችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ። ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ከቤት ውጭ አድርቁት።

የእግሮቹ ጫፍ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ የእንጨት ቱቦዎች የሚከፈቱት በዚያ ነውና ውሃን እንደ ጭድ ይመጥጣል። የቀለጠ የሻማ ሰም አጠጣናቸውና ከበረባሶ ጫማ የተቈረጠ ጎማ ከሥራቸው ሰካን። ጎማው ከሲሚንቶው ያርቃቸዋል፥ እንዳያንሸራትትም ይይዛል። ከፍታውን የለካነው በአያቴ ጕልበት ነው፤ ከጕልበታቸው እጥፋት ሁለት ሳንቲ ከፍ አደረግነው፤ ለመነሣት ይቀላልና። ከተጨረሰም በኋላ እኔና አጎቴ አንድ ላይ ተቀምጠን ተወዛወዝንበት፤ አልተነቃነቀም። ሽማግሌው ግን «አግዳሚው ብቻ አይበቃም፤ የሚነሡት በእጃቸው ጭምር ነው» ብለው ከግድግዳው ቋሚ ጋር የወይራ መያዣ አሰሩላቸው። ያን ለማለስለስ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ።

አያቴ በመጀመሪያው ቅዳሜ ብቻቸውን ገብተው፥ ብቻቸውን ታጥበው፥ ብቻቸውን ወጡ። ከዚያ ወዲህ ክረምት አልፎበታል። በመስቀል 2017 ዓ.ም. ስገባ መረመርሁት፤ ከርብራቦቹ አንዱ ጥቂት ቀና ብሏል፥ ከጎማዎቹ አንዱ ወልቋል፥ ዘይቱም በመሐል በኩል ስለ ታጠበ እንደገና መቀባት ያስፈልገዋል። ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። ያስቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አግዳሚውን በመታጠቢያ ቤት አላገኘሁትም። አያቴ ፀሐይ ስትወጣ ልጆቹን «አውጡልኝ» ይሉና በረንዳው ላይ ተቀምጠውበት ቡና ይጠጣሉ። «እማማ፥ የተሠራው ለመታጠቢያ ነው» ብላቸው፥ «ታዲያ ፀሐይ ይምታው፤ ይደርቃል» አሉኝ።